የንጉሡ መቃብር ጠባቂ ዶና ኒንፋ

በሰፈራችን ዶና ኒንፋን «የንጉሡ መበለት» እንላታለን። ስሙን ያወጣው ድንጋይ ጠራቢው ኮሲሞ ነው እየተባለ ይወራል፤ ድንጋይ ጠራቢው እኔ ነኝ፣ አልክድም። ንጉሠ ነገሥት ፌዴሪኮ ከሞተ ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል። እሷ ግን በየማለዳው እዚህ ፓሌርሞ ካቴድራላችን ገብታ የመቃብሩን ቀይ ድንጋይ ስትወለውል ያየ ሰው ባሏ ትናንት የተቀበረ ይመስለዋል። ድንጋዩን የተሸከሙትን አንበሶች ጥርሳቸውን ሳይቀር ታጸዳለች። ሰው ለንጉሡ የሚያኖርለትን አበባ እየመረጠች የጠወለገውን ትጥላለች፣ ትኩሱን ወደ ፊት ታመጣለች።

ሥራዋ መጥረግ ነው። ጠራጊ ካሏት ግን ፊቷ ይጠቁራል። «ጠባቂ ነኝ» ትላለች፤ በእርግጥም ነገሥታቱ በተኙበት ጥግ ያለ እሷ ፈቃድ ዝንብ አያርፍም። አንድ ቀን አንድ የሚላኖ ሰው ፎቶ ሊያነሳ ብሎ ባርኔጣውን ከመቃብሩ ጠርዝ ላይ ቢያኖረው «አንተ! አልጋ ላይ ባርኔጣ ይቀመጣል እንዴ? ሟርተኛ!» ብላ ጮኸችበት። እኛ ዘንድ አልጋ ላይ የተቀመጠ ባርኔጣ ሞት ይጠራል፤ ለእሷ ደግሞ መቃብሩ የንጉሡ አልጋ ነው። ሰውየው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ የኋሊት እየተራመደ ወጣ። ንጉሡን ይቅርታ የጠየቀም አለ እየተባለ ይወራል፤ እሱን እንኳን አላየሁም።

እኔ ለነገሥታት ደንታ የለኝም። በሕይወት ሳሉ አባቶቻችንን ድንጋይ ያሸክሙ ነበር፣ ሞተውም ድንጋያቸውን ያስወለውሉናል። ኒንፋን ግን አውቃታለሁ፤ አብረን ነው ያደግነው። ከየት ተነሥታ እዚያ ቀይ ድንጋይ ሥር እንደገባች የማያውቅ ሰው ቀጥሎ የምነግረው ነገር አይገባውም።

እናቷ ሜልኪዮራ ገበያ መካከል ትልቅ ድስት ጥዳ ቀንድ አውጣ በነጭ ሽንኩርት እያበሰለች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ድምጿ ከገበያው ጫፍ እስከ ወደቡ ይሰማል። እጇ፣ ቀሚሷ፣ ፀጉሯ ነጭ ሽንኩርት ነው። ኒንፋ ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ስታልፍ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እናቷን እንዳላየች ትሄዳለች። ሜልኪዮራ ደግሞ ጭልፋዋን ከፍ አድርጋ «ልዕልቴ መጣች! ለልዕልቴ መንገድ ልቀቁላት!» ብላ ትጮሃለች። ገበያው በሳቅ ይሞላል። ልጅቷ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ወንድሟ ሮሶሊኖ ግን ሮጦ ሄዶ የእናቱን ጉንጭ ይስምና ከድስቱ አንድ ጭልፋ በነጻ ይቀበላል። ሁለቱ ከአንድ ማሕፀን መውጣታቸው ይገርመኝ ነበር።

ሮሶሊኖ አድጎ ቤልጅግ ሄደ፣ ከሰል ማዕድን ገባ። ኒንፋ ካቴድራሉ ውስጥ ሥራ አገኘች። ሜልኪዮራም ሞተችና ተቀበረች።

እኛ አገር ድሃ አፈር ውስጥ የሚተኛው በውሰት ነው። ዓመታት አልፈው ተራው ሲደርስ ቀባሪዎቹ መልሰው ይቆፍራሉ። ዘመድ እዚያው ቆሞ አፅሙን ይቀበላል፣ ያጥባል፣ በነጭ አንሶላ ጠቅልሎ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ያስተኛል፤ ሣጥኑ የመቃብር ግድግዳው ውስጥ ይገባና በድንጋይ ይዘጋል። ዘመድ ያልቆመለት አፅም የጋራው ጉድጓድ ውስጥ ይጨመራል። ከዚያ ወዲያ ማን ማን እንደሆነ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚለየው።

የሜልኪዮራ አፅም የሚወጣበት ቀን በቅድስት ሉቺያ በዓል ላይ ዋለ። ያን ቀን ፓሌርሞ ውስጥ ዳቦ የሚባል ነገር አፉ የሚያደርስ የለም፤ የስንዴ ንፍሮና የሩዝ ጥብሳችንን ስንሰለቅጥ ነው የምንውለው። ፌዴሪኮም የሞተው በዚሁ ቀን ነው። በዚያ ዓመት ከጀርመን ንጉሡን የሚወዱ ሰዎች ትልቅ የአበባ ጉንጉን ይዘው ይመጣሉ ተባለ፣ ጋዜጠኛም ይኖራል ተባለ። ሮሶሊኖ መምጣት ስላልቻለ ለእህቱ ስልክ ደውሎ «እኔን ሆነሽ ቁሚልኝ። የራስ ቅሏን ስታገኚው ሳሚልኝ» አላት። «እሺ» አለችው።

ጠዋት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ አንሶላውን በብብቷ ይዛ ከቤት ወጣች። መንገዱ ላይ ቆም ብላ አሰበች። ቀባሪ መቼ በሰዓቱ ጀምሮ ያውቃል? ጀርመኖቹ ደግሞ ሰዓት ያከብራሉ። እዚያ ብቅ ብላ፣ አበባውን ተቀብላ፣ ከዚያ በአውቶቡስ መሄድ። ካቴድራሉ ገባች። ንግግሩ ረዘመ። ሽማግሌው ጀርመናዊ እጇን ጨበጣት። ፎቶ አንሺው «እመቤቴ፣ ትንሽ ወደ ንጉሡ ጠጋ ይበሉልኝ» አላት፣ ጠጋ አለች። «እመቤቴ» ብሎ የጠራት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

መቃብር ቦታው ስትደርስ ቀባሪዎቹ አካፋቸውን እያጠቡ ነበር። «ስሟን ጠራን፣ አቤት ያለ የለም። አስገባናት» አሏት።

ኒንፋ አላለቀሰችም። ትንሽ ሣጥን ገዛች፣ አንሶላውን አጥፋ ውስጡ አደረገችና ክዳኑን ዘጋች። ግድግዳው ውስጥ በገዛ እጇ ካስገባችው በኋላ እንደ እኔ ድንጋይ ጠራቢ የነበረውን አባቴን ጠርታ ድንጋዩን አስገጠመች። ድንጋዩ ላይ የሜልኪዮራ ስምና እየሳቀች የተነሣችው ፎቶ አለ። ለወንድሟም ደውላ «ሳምኩልህ» አለችው።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፤ ሮሶሊኖ ሳንባው በከሰል ብናኝ ተበልቶ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ሦስቴ እያሳለ አገሩ ለመሞት ከመጣ በኋላ። እንደመጣ መቃብር ቦታው ውስጥ ባለው የቀብር ማኅበራችን ጸሎት ቤት ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ አገኘና ሱቄ ድረስ መጥቶ በባለሙያ ማዕረጌ ጠርቶኝ «ማስትሩ ኮሲሞ፣ እማዬን ከግድግዳው አውጣልኝ። ጊዜዬ ሲደርስ ከጎኗ ነው የምተኛው» አለኝ። አባቴ የገጠመውን እኔ ልከፍት ተስማማን።

በማግስቱ ኒንፋ መጣች። በሩ ላይ እንደቆመች ያለ ሰላምታ ጀመረች።

«ኮሲሞ፣ ድንጋዩ ይሰበራል በለው።»

«የትኛው ድንጋይ?»

«የእማዬ። ከተነካ ይሰነጠቃል፣ አይሆንም በለው።»

«እንዴ! ድንጋይ መንቀል አቃተኝ ብዬ ስሜን ላጥፋ? ይልቅ ለንጉሥሽ ንገሪውና አዋጅ ያውጣልሽ።»

እኔ ሳቅሁ፣ እሷ አልሳቀችም። ያልተጠረበ እብነ በረድ ላይ ቁጭ አለች። ጥቁር ቀሚሷ በዱቄቱ ነጣ። የንጉሡ ድንጋይ ላይ አንዲት ጠብታ ሰም አይታ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ቀሚሷን ለማራገፍ እጇን አላነሳችም። ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ።

ተናደድሁ፤ ምን እደብቃለሁ። «ለጋዜጣ ፎቶ ብለሽ?» አልኳት።

«ለፎቶ አይደለም!»

«ታዲያ ለምንድን ነው? ንገሪኛ!»

«እዚያ ስቆም የቀንድ አውጣ ሻጯ ልጅ አይደለሁም» አለች። «በቁሟ አፈርኩባት ኮሲሞ። ሞታም አፈርኩባት። አሁን ግን የማፍረው በራሴ ነው። ሌሊት ስተኛ እንኳ ፊቴን እሸፍናለሁ፤ ከማን እንደምደበቅ አላውቅም።»

ልቤ ትንሽ ራራ። ቢሆንም አልዋሽላትም አልኩ። «አንቺው ንገሪው። እኔ መሮዬን ይዤ እመጣለሁ።»

«ነገ እነግረዋለሁ» አለች። ነገም አልነገረችውም፣ ከነገ ወዲያም አልነገረችውም። ሮሶሊኖን መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር ፊቱን አያለሁ፤ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎታል። ለእናቱ አዲስ አንሶላ ገዝቷል፣ ልብሱን ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ አስጠብቧል።

ቀኑ ደረሰ። የሟቿ እህት ክሮቺፊሳና የገበያው አሮጊቶች መቁጠሪያቸውን ይዘው ጸሎት ቤቱ በር ላይ ቆዩ። ግድግዳው ዘንድ የሄድነው ሦስታችን ብቻ ነን፤ ሮሶሊኖ፣ ኒንፋና እኔ። ጊዜ ልስጣት ብዬ መሮውን ቀስ አድርጌ እመታለሁ። እያንዳንዱን ምት ስመታ አያታለሁ፣ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ድንጋይ ደግሞ የፈለጉትን ያህል ቢያዘገዩት መውጣቱ አይቀርም። ወጣ።

ሮሶሊኖ ቆቡን አወለቀ። ድንጋዩ ላይ ያለውን ፎቶ ሳመና ሁለት እጁን ወደ ሣጥኑ ዘረጋ። ኒንፋ እጅጌውን ያዘችው።

«አታንሳው።»

«ምነው? እንደ ሕፃን ነው የምይዛት፣ አትፍሪ።»

«ሮሶሊኖ፣ ውስጡ የለችም።»

ዞር ብሎ እኔን አየኝ። አቧራ ከዓይኔ የምጠርግ መስዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አንሶላው ብቻ ነው ያለው» አለች። «እማዬ የጋራው ጉድጓድ ውስጥ ናት። አርፍጄ ደረስኩ።»

«የት ሆነሽ?»

«ንጉሡ ጋ» አለች።

ሳል ያዘው። ግድግዳውን ተደግፎ እስኪበቃው ሳለ፣ አፉን ጠረገ። ይመታታል ብዬ ጠጋ ብዬ ነበር። እሱ ግን በቀስታ «የንጉሥሽ እናት የት ነው የተቀበረችው?» አላት።

«ከጎኑ።»

«ከጎኑ» አለ። «ሳምኩልህ ብለሽኝ ነበር። እኔ ከሰል ማዕድኑ ውስጥ ሆኜ፣ መብራቴ ሲጠፋብኝ፣ እሷን አስብ ነበር። ቢያንስ ተስማለች እል ነበር።»

«ብዬህ ነበር» አለች። ምክንያት አልደረደረችም። ፊቷ እስከ አንገቷ ቀልቶ ቆመች። እኔም በቆምኩበት አፈርኩ፤ የሰው ገመና ሲገለጥ ማየት የሚያሳፍረው የሚያየውንም ነው።

ሮሶሊኖ ሣጥኑን አነሣው። ላባ የያዘ ያህል ቀለለው። ጥቂት ይዞት ቆየና ወደ ጸሎት ቤቱ በር ተመለከተ፤ አሮጊቶቹ እየጠበቁ ነው። ከዚያ «ማስትሩ ኮሲሞ፣ ባንድ በኩል ያዝልኝ። ይከብዳል» አለኝ።

ያዝኩለት። ሁለት ጎልማሶች አንዲት አንሶላ ተሸክመን፣ ጎንበስ ብለን፣ በጥድ ዛፎቹ መካከል ሄድን። ኒንፋ ከኋላችን ትከተላለች። እሱ ለእህቱ ሲል ነው ይህን ያደረገው፤ ገበያው እንዳይስቅባት። ሊሸፍንላት ቆርጧል። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬም የሚያውቀው ሰው አይኖርም ነበር።

በሩ ጋ ስንደርስ አሮጊቶቹ አማተቡ። ክሮቺፊሳ ዓይኗ ደክሟል፤ በእጇ እየዳበሰች መጥታ ሣጥኑን አገኘችው።

«ሜልኪዮራ፣ እህቴ! ይኸው ልጅሽ ደረሰልሽ። ይቺን ኒንፋን ደግሞ ይባርክልሽ፤ ይኸን ሁሉ ዘመን ጠብቃ ያቆየችሽ! እንደሷ ያለች ልጅ ለሁሉም ይስጥ!»

«አሜን» አሉ ሴቶቹ። ክሮቺፊሳ ጎንበስ ብላ ክዳኑን ሳመች፣ ደግማ ልትስም ጎንበስ አለች። ሮሶሊኖ ወደ ኋላ ዞሮ እህቱን በዓይኑ ዝም በዪ አላት።

«አክስቴ፣ አትሳሚው» አለች ኒንፋ። «ባዶ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ባዶ ነው። ያን ቀን አልቆምኩላትም። ከጋራው ጉድጓድ ጨመሯት። ባዶ ሣጥን ነው ያስሳምኩሽ።»

ክሮቺፊሳ አፏን በመዳፏ ጠረገች። ከሴቶቹ አንዷ «አበስኩ ገበርኩ!» አለች፣ ሌላዋ «ንጉሥ እየወለወለች!» አለች፣ ከኋላ የነበረችው ደግሞ የባሰ ነገር አለች፤ እሱን አልጽፈውም። ሮሶሊኖ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ሣጥኑን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ማስቀመጥም መያዝም ጨነቀኝ።

«ታዲያ እህቴ የት ናት?» አለች ክሮቺፊሳ። «የት እንዳለች ውሰጂኝ።»

«እወስድሻለሁ» አለች ኒንፋና ቀደመች። አሮጊቷ በሮሶሊኖ ክንድ ተደግፋ ተከተለቻት፣ ሴቶቹም ተከተሉ፣ እኔም ባዶውን ሣጥን ታቅፌ። ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ሦስት ቦታ የሚከፈልበት ጋ ደረስን። ኒንፋ ቆመች። ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ አንዴም ወደዚያ አልሄደችም፤ ጉድጓዱ የት እንደሆነ አታውቅም።

እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ። ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሁላችንም ከኋላዋ ቆምን፣ ማንም አልረዳትም። አንድ ቀባሪ ጋሪውን እየገፋ መጣ።

«ይቅርታ» አለችው። «ዘመድ ያልቆመላቸው የሚገቡበት በየት በኩል ነው?»

«በዚህ ወርደሽ፣ ግንቡ ጥግ» አላት። ጋሪውን አቁሞ ጥቁር ቀሚሷንና ከኋላዋ የቆምነውን ሁሉ አየ። «እዚያ ስም የሚባል የለም እኮ፣ እመቤቴ። ማንን ፈልገሽ ነው?»

«እናቴን» አለችው።