የኔታ ቴሌቪዥን ሲመርጡ

ጋይንት ውስጥ ቴሌቪዥንና ዲሽ እሸጣለሁ። በቀደም ዓይናቸው የማያይ አንድ የድጓ መምህር መቋሚያቸውን ይዘው እዚሁ ጋይንት ካለው ከቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ድምፁን አሰማኝ» አሉ።

ስፒከሮቹን በየተራ ከፈትኩላቸው። «ይኼ ይጮኻል እንጂ አያዜምም። የዚህ ደግሞ ግራው ከቀኙ ይደክማል» እያሉ ሁለቱን እንደ ሰነፍ ተማሪ ጣሏቸው። በሦስተኛው መሬቱን በመቋሚያቸው መታ መታ አደረጉ። አለፈ!

የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ከሚያሳየው ዲሽ ጋር ትንሿን ቴሌቪዥን አቀረብኩ። ዳር ዳሯን ዳሰሷትና «ትልቁስ?» አሉ።

«የኔታ፣ ለእርስዎ እንኳን...» ብዬ ምላሴን ነከስኩ።

ሳቁ። «ሰኞ የዓይኔ ሞራ ሊገፈፍልኝ ነው። ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ያስተማርኳቸው ልጆች በዲሽ ያዜማሉ አሉ። ድምፃቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቅም።»