ናኒን በተረት ማብላት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ፣ ሮዝቪል ከተማ ባለው የአረጋውያን ቤት፣ ምሳ ሰዓት ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ነርሷ ካረን፤ ሥራውን ያገኘችልኝ የወሎዋ ዘይነባ፤ ሁላችንም «ናኒ»፣ አያቴ እንደማለት፣ የምንላቸው የባንግላዴሽ እናት፤ ልጃቸው ሩና፤ እና እኔ። እኔ ገና በሙከራ ላይ ነበርኩ።

ናኒ ምግብ እምቢ ካሉ ሰንብተዋል። ካረን በር ላይ አቁማኝ፣ «ከዚህ በላይ ኪሎ ከቀነሱ ሆስፒታል ይገባሉ፤ በቱቦ ነው የሚመገቡት» አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ቢሆንም ቱቦ ያለችውን አልሳትኩም።

ሩና አሠራሩን አሳየችኝ። ናኒ የሚበሉት ተረት እያወሩ ነው። ጥቂት ያወሩና ዝም ይላሉ። ያኔ አድማጩ «ሁ» ይላል፤ የአገራቸው ደንብ ነው። «ሁ» ከተባሉ አንድ ማንኪያ ጎርሰው ይቀጥላሉ። ካልተባሉ ሰሚ የለም ብለው አፋቸውን ይዘጋሉ። ከእኔ በፊት የነበሩት ረዳቶች ቴሌቪዥን እያዩ ነበር የሚያበሏቸው።

ሩና ወደ ሥራዋ ሄደች። ናኒ ጀመሩ። ቋንቋቸውን ስለማልሰማ ዓይናቸውን እያየሁ ጠበቅኩ። ዝም ሲሉ «ሁ» ማለቱ ጠፋኝና፣ እኛ ሰው ሲያወራን እንደምናደርገው፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

ናኒ ደነገጡ። እጃቸውን ደረቴ ላይ ጭነው ተጣሩ። ካረን ሮጣ መጣች። «አስም አለብሽ? ቁጭ በይ!»

በሽተኛ ናት ተብዬ ልባረር ነው አልኩ በልቤ።

አልጋ የምታነጥፈው ዘይነባ ሳቀች። «ያ አላህ! አንቺ ልጅ፣ በትንፋሽሽ አምቡላንስ ልታስጠሪብን ነው?» ከዚያ ለካረን፣ «አገራችን እንዲህ ነው፤ እየሰማሁ ነው ማለቷ ነው» ብላ አስረዳች። ለናኒ ደግሞ በተግባር አሳየናቸው፤ እሷ ታወራለች፣ እኔ እስባለሁ፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትስባለች። ናኒ ተራ በተራ አዩን። ራሳቸውም ሞከሩት፤ ትን አላቸውና ሳሉ፤ ሳቁ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱልኝ።

ከዚያ ወዲያ «ሁ» ብላቸው እንኳ አይቀበሉኝም፤ ትንፋሼን ነው የሚጠብቁት። ተረቱን ሩና ተረጎመችልኝ፤ ጭራቅ የሰረቃት የንጉሥ ልጅ ናት፣ በብር በትር ስትነካ ትተኛለች፣ በወርቅ በትር ትነቃለች። እዚያ ሲደርሱ ናኒ ማንኪያውን ይቀሙኝና ግንባሬን ነካ ያደርጉኛል። ማታ ለልጄ ነገርኳት። በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ጭራቁ ሲገባ ግን ሳታስበው ትንፋሿን ሳበች።

የናኒ ኪሎ መቀነሱን አቆመ። በኋላ ሩና ቤት ስትቀይር ዉድበሪ ከተማ ወዳለ ሌላ የአረጋውያን ቤት ወሰደቻቸው። የትንፋሹን ነገር ለአዲሶቹ ረዳቶች ትነግራቸዋለች እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ምሳ ሰዓት ላይ እሷ ሥራ ላይ ናት።

ከሥራዬ የተማርኩት፦ ሰው ስታበሉ ማንኪያውን አታስቀድሙ፤ መጀመሪያ ስሙት።

ዉድበሪ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ናኒ ይበሉ እንደሆነ አይታችሁ ንገሩኝ።