«አልመጣም» ያሉኝ ዶክተር ፈይሳ

ዶክተር ፈይሳ ባለፈው ማክሰኞ አምቦ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን ሰምታችኋል። ቤተሰባቸው ለመታሰቢያቸው ጽፌ እንዳነብ የጠየቀኝ በላብራቶሪ ሥራ አሥራ ስምንት ዓመት አብሬያቸው ስለቆየሁ ነው። የማውቀውን ጽፌያለሁ።

ጥሩ ሐኪም ነበሩ። ከሰው ወገብ ፈሳሽ ከመቅዳታቸው በፊት እጃቸውን በሙቅ ውሃ ያሞቁ ነበር፤ ቀዝቃዛ እጅ ሽማግሌ ያስደነግጣል ብለው። ከባኮ የመጣ ገበሬ አውቶቡስ ካመለጠው እሳቸው ቤት ያድራል። እኛን ሲያስተምሩ «ደም ቶሎ ይናገራል፤ የጀርባ ውሃ ግን ጠያቂ ይፈልጋል» ይሉ ነበር።

ባለቤቴ ጉተማ መምህር ነበር። መርሳት ሲጀምር የቤታችንን የይዞታ ካርታ አጣና እኔን ጠረጠረ። ዶክተር ፈይሳ የጀርባውን ውሃ ቀዱለት፤ የመርሳት በሽታ ምልክት ይኖርበት እንደሆነ እንዲታይ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተላከ። ብልቃጡ ላይ ቁጥሩን የጻፍኩት፣ በረዶ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ውጤቱ መጣ ወይ ብዬ በየሳምንቱ እጠይቃቸዋለሁ። «አልመጣም፣ እህቴ» ይሉኛል።

ጉተማ በሽማግሌ አስጠራኝ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ዶክተር ነበሩ። ሌላው፣ ኦቦ ቶሌራ፣ «አዴ አያንቱ፣ ካርታውን ለወንድሞችሽ ሰጥተሽ እንደሆነ ተናገሪና እንገላገል። መምህር በእርጅናው ይዋሻል?» አሉኝ። ዶክተርን አየኋቸው። መሬት መሬት አዩ። ጎረቤት በተሰበሰበበት የጉተማን ጉልበት ስሜ፣ ላልሠራሁት ጥፋት ይቅርታ ጠየቅሁ።

ካርታው ጉተማ ከሞተ በኋላ ከአሮጌ የተማሪ ፈተናዎች መሐል ተገኘ። «መልሳ ከተተችው» ተባለ።

ዶክተር ጡረታ ሲወጡ መዝገቡን የተረከብኩት እኔ ነበርኩ። የጉተማ ውጤት እዚያው ተቀምጧል። ሽማግሌ ከመቀመጡ ሁለት ወር ቀድሞ ደርሷል፤ የበሽታው ምልክት አለ ይላል። ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

«ራሱ ለመነኝ» አሉ። «እብድ ከምባል እሷ ሌባ ትባል አለኝ። የበሽተኛ ምስጢር ነው፣ ምን ላድርግ?»

«እኔስ?»

«አንቺ ጠንካራ ነሽ።»

ዶክተር፣ ዛሬ ምስጢር ጠባቂነትዎ ሲመሰገን ሰማሁ፤ እውነት ነው፣ ጠብቀዋል። የተጠበቀው በእኔ ስም ነበር። ወረቀቱን ለኦቦ ቶሌራ አንብቤላቸዋለሁ፤ አሁን ደግሞ እናንተ ሁላችሁ ሰምታችኋል። በሰላም ይሂዱ። እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ፤ እኔ ገና ነኝ።