ቲቸር ገባችሁ

ተማሪዎቹ ለሒሳብ አስተማሪው ያወጡለት ስም «ቲቸር ገባችሁ» ነው። ምን ያድርጉ! ሰውየው አንድ ነገር ባስረዳ ቁጥር ጠመኔውን እንደያዘ ዘወር ይልና «ገባችሁ?» ይላል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ብሎ ጣሪያውን ያነሳዋል። እሱም «በጣም ጥሩ፣ እንቀጥል» ይላል። ይበልጥ የሚጮኹት ያልገባቸው ነበሩ፤ ቢሆንም ያን ጩኸት ይወደው ነበር።

ዘንድሮ ትምህርቱ ተገለበጠ። ማብራሪያው በቪዲዮ ይቀረፅና ተማሪው ቤቱ ሆኖ በስልክ ያየዋል፤ የቤት ሥራ የነበረው ደግሞ ክፍል ውስጥ በቡድን ይሠራል። መቼም እውነት አይካድም፣ የልጆቹ ውጤት ተሻሽሏል። እሱም አልካደም። ግን ሁሉም አቀርቅሮ ሲሠራ እሱ በወንበሮቹ መሀል እንደ እንግዳ ይንጎራደዳል። ያ «አዎ ቲቸር!» በጣም ናፈቀው።

ባዶ ክፍል ውስጥ ሲቀረፅም ልማዱ አለቀቀውም። «ገባችሁ?» ይልና ሰው የሌለባቸውን ወንበሮች እያየ ዝም ይላል። የምትቀርፀው ወጣት መምህርት «ጋሼ፣ ይሄን ዝምታ ልቁረጠው?» ብትለው፣

«እንዳትነኪው! ልጆቹ መቼ ሊመልሱ ነው ታዲያ?» አላት። ስቃ ተወችለት።

አንድ ቅዳሜ ሱሪ ሊያሳጥር ሰፈሩ ያለው ልብስ ሰፊ ጋ ሄደ። ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ከመጋረጃው ጀርባ የገዛ ድምፁን ሰማ።

«ልጄ ናት» አለ ልብስ ሰፊው እየሳቀ። «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ እኛ ቤት ነው ውለው የሚያድሩት!»

ልጅቷን ያውቃታል። ከኋላ ተቀምጣ፣ የተባለው ሁሉ የገባት ይመስል አንገቷን የምትነቀንቅ ዝምተኛ ናት። አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

«ገባችሁ?» አለ ስልኩ። ከዚያ ያ ዝምታ መጣ። አስተማሪው ትንፋሹን ውጦ መልሱን ጠበቀ።

«አልገባኝም፣ ቲቸር» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«በጣም ጥሩ፣ እንቀጥል» አለ ስልኩ።

አስተማሪው ክው አለ። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ይህች ድምፅ ስንቴ አምልጣው ይሆን? ብድግ ብሎ መጋረጃውን ገለጥ አደረገ።

«የቱ ጋ ነው ያልገባሽ፣ ልጄ?»

ልጅቷ በድንጋጤ መጀመሪያ ያየችው ስልኩን ነበር።