ኮምፒውተር የሚያንኳኩት መሪጌታ

እዚህ ሰቆጣ፣ የደብራችን ጽሕፈት ቤት ያለችው ኮምፒውተር አንዲት ናት። ጠዋት እኔ ደብዳቤ እጽፍባታለሁ፤ ከሰዓት መሪጌታ የክርስትና ስሞችን ከድሮ መዝገብ ይገለብጡባታል። ፋይላችን እየተቀላቀለ ቢያስቸግረን ለኮምፒውተሯ ትእዛዝ የምትሰጥ ትንሽ የሼል ስክሪፕት ጻፍኩ። አንዴ ሲጫኗት የአንዳችንን ዴስክቶፕ ከነፎልደሩ ደብቃ የሌላውን ታመጣለች።

መሪጌታ «እሰይ፣ ሁለት ክፍል ሠራህልን!» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበሩን ስለቅላቸው ስክሪኑን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉና «ቤቶች!» ይላሉ። እኔ «ይግቡ» ካላልኩ ስክሪፕቷን አይነኩም። የሰው ክፍል ዘው ተብሎ አይገባማ! ባለጉዳይ ፊት ሲያደርጉት እኔ ነኝ የማፍረው።

ትናንት ቸኩዬ «ይግቡ» ሳልላቸው፣ የእኔ ዴስክቶፕ እንደተከፈተ ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት ስገባ፣ ጀምሬ የተውኩት፣ ለማንም ያልተናገርኩት የፈቃድ ማመልከቻዬ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ከግርጌው መሪጌታ እንዲህ ጽፈውበታል፦

«ልጄ፣ ቤቶች ብል የሚመልስልኝ አጣሁ። ስለዚህ ደብዳቤህን ሳላነብ ወጥቻለሁ። እናትህን እግዜር ይማርልህ፤ ዝቋላ ደርሰህ እስክትመለስ የጠዋቱንም ሥራ እኔ እይዝልሃለሁ።»