ለዘይነባ የተቀመጠው ስላይድ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ቅዳሜ ማለዳ ነው። ከልብስ ቦርሳዬ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት የብስኩት ቆርቆሮ ነበር። ውስጡ አባቴ ያነሳቸው አርባ ያህል ስላይዶች አሉ። አባቴ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት የይፋትን ቆላ ለመስኖ ያጠና ከነበረ የቀያሾች ቡድን ጋር በፎቶ አንሺነት ይሠራ ነበር። ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ቆርቆሮውን ቁም ሣጥኑ ውስጥ አገኘሁት።

ስላይድ ማለት ብርሃን ሲያልፍበት የቦታውን ቀለም እንዳለ የሚያሳይ ፊልም ነው። የአባቴ ስላይዶች ብዙ ሰው ከሚያውቃቸው በጣም ይበልጣሉ፤ ቁመታቸውም ወርዳቸውም ስድስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው። እኔ የምሠራው ፎቶ ቤት ውስጥ ስለሆነ አሮጌ ፊልም በስካነር ወደ ኮምፒውተር ማስገባት የዕለት ሥራዬ ነው። የአባቴን ግን ለማየት ሳምንታት ፈጀሁ። ግማሾቹ ሻጋታ ይዟቸዋል፤ የአንዳንዶቹ ፊልሙን የሚሸፍነው መስታወት ተሰብሯል። ፊልሙን እያወጣሁ አጸዳሁና በአዲስ መስታወትና ፍሬም መለስኩት።

ከሁሉም አንዱ ልቤን ያዘው። ሁለት ወጣት ሴቶች ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ቆመዋል። ስላይዱ በነበረበት ፖስታ ላይ አባቴ በእርሳስ እንዲህ ጽፏል፦ «ማጀቴ። በስተግራ ፋጡማ፣ በስተቀኝ የእንድሪስ ልጅ ዘይነባ። ለዘይነባ ይሰጥ፤ ቃል ገብቻለሁ።»

ለምን እንዳልሰጣት መገመት አያዳግትም። ያኔ ስላይድን በወረቀት የሚያትም እዚህ አገር ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ አብዮቱ መጣና ቡድኑ ተበተነ። እኔ አሁን ስካነሩም ማተሚያውም አለኝ። ፎቶውን በትልቁ አትሜ፣ ዋናውን ስላይድ፣ ላፕቶፔን፣ ማጉያ መነጽሬንና ስላይድ ከሥሩ አብርቶ የሚያሳይ ትንሽ ላይት ቦክስ ይዤ ዘይነባን ፍለጋ ወጣሁ።

ቁልቁለቱ

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጉሙ አብሮን ገባ። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ በቀስታ ነዳ፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ከዋሻው እስክንወጣ ድረስ አማተቡ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ታች ብቻ ነው። ደብረ ሲና ላይ ሹራቤን አወለቅኩ፤ አርማንያ ላይ መስኮት ከፈትኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ የሚኒባሱ ወንበር ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

አድሬ በማግስቱ ወደ ማጀቴ ለመቀጠል አስቤ፣ ቦርሳዬን በባጃጅ አስጭኜ ከዋናው መንገድ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ ስድሳውን የተሻገሩ፣ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው። ምሳዬን ጥብስ በልቼ፣ ኪሎው በአሥራ ሁለት ብር የተገዛ ማንጎ እየላጥኩ ያተምኳቸውን ፎቶዎች አሳየኋቸው። የድልድዩን ፎቶ ሲያዩ ግራ ተጋቡ።

«ይሄ የእኛ የሮቢ ወንዝ ድልድይ ይመስላል» አሉ። «ግን ተራራው ያለቦታው ነው የተቀመጠው። ሌላ አገር ይሆን እንዴ?»

«አርባ ዓመት አልፎታል እኮ፣ ጋሼ። ብዙ ነገር ተቀይሯል።»

«ተራራ ይቀየራል?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩና አለፍኩት። ቆም ብዬ ባስበው ኖሮ ከሚቀጥለው ቀን ኀፍረት እድን ነበር።

የዘይነባን ስም ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እዚህ ተድራ የመጣችው የእንድሪስ ልጅ ዘይነባማ ሞታለች። ልጅ ወልዳ ዓመትም አልቆየች። ልጅቷ ሰዓዳ ግን እዚሁ አለች፤ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ያሳደጓት የአባቷ እናት ናቸው።»

ሰዓዳ

ሱቋ ጠባብ ነው፤ እስከ ጣሪያው በጣቃ ጨርቅ ተሞልቷል። ሰዓዳ እንደ እኔ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። ደንበኛ መስያት «ምን ላሳይሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የማሳይሽ» አልኳትና ስለ አባቴ ነገርኳት። ፖስታውን ደጋግማ አነበበችው።

«እናቴ ፎቶ የላትም» አለች ቀስ ብላ። «ቤታችን ውስጥ አንድም የለም። ፈልጌያለሁ። መታወቂያ እንኳን አላወጣችም።»

ፎቶውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። በጣቴ ከቀኝ የቆመችውን አሳየኋት። ፀሐይ ፊቷን በደንብ አብርቶታል፤ አገጯን ቀና አድርጋ በቀጥታ ወደ ካሜራው ታያለች፤ ቆንጆ ናት። ሌላዋ ከዋርካው ጥላ ሥር ስለሆነች ከሳቋ በቀር ብዙም አትለይም።

ሰዓዳ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ፎቶውን አንስታ ሳመችው። ከዚያ ሱቁን ዘጋችው፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት እንኳን አልሞላም ነበር።

«ነገ ማጀቴ አብረን እንሂድ» አለችኝ። «ፋጡማ አሉ። የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ በዒድ በዒድ እጠይቃቸዋለሁ። ይሄንን ሳያዩማ አይቀሩም።»

ወደ ማጀቴ

እሑድ ጠዋት በሚኒባስ አጣዬ ደረስን፤ ከዚያ መኪና ቀይረን ቀጠልን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል፤ የእህል ጆንያ የተጫኑ አህዮች ጎማችን ሥር ሊገቡ ምንም አልቀራቸውም። ከአስፋልቱ ወጥተን ጠጠሩን ከያዝን በኋላ አቧራው ንግግር ይከለክላል። ሰዓዳ ግን አላቆመችም። ትናንት ማታ ልጆቿን ሰብስባ ፎቶውን አሳይታቸዋለች።

«ታላቋ ልጄ አገጯ ቁርጥ እሷን ነው» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ግንባሯን ወስጃለሁ። አይመስልሽም?»

«ይመስለኛል» አልኳት። በእውነትም መስሎኝ ነበር።

እትዬ ፋጡማ ስድሳ ገደማ የሆናቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። በር ላይ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለን ገባን። ውሃ ሰጥተውን፣ የሰዓዳን ልጆች አንድ በአንድ በስም ጠይቀው ሲጨርሱ ፎቶውን ሰጠናቸው። ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ከዚያ በሳቅ ፈነዱ።

«ያ ረጅሙ ሰውዬ! ሌላው ሁሉ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደቅኖ ያነሳል፤ እሱ ግን ሆዱ ላይ ሣጥን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ውስጥ ነበር የሚያየው። ዘይነባ "ይሄ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ምን ጠፍቶት ነው?" ብላ ሞተች በሳቅ። እኔ ደግሞ ቆንጆ ልነሳ ብዬ ፊቴን ኮስተር አድርጌ...» ብለው ጣታቸውን ብርሃን ባረፈባት ሴት ላይ አሳረፉ። «አየሽኝ? ያኔ እንዲህ ነበርኩ፤ አልሐምዱሊላህ።»

ሰዓዳ ፎቶውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ኧረ እትዬ ፋጡማ» አልኩ፣ «አባቴ በስተቀኝ ያለችው ዘይነባ ናት ብሎ ጽፏል።»

«ራሴን አላውቅም እንዴ፣ ልጄ? አባትሽም አልተሳሳተም። ዘይነባ በስተቀኝ ነበር የቆመችው። ሥዕሉ ነው የዞረው። ነይ ውጪ።»

እጄን ይዘው በራቸው ላይ አወጡኝ። ዋርካው እስካሁን አለ። መስጊዱ ከዋርካው በስተግራ ነው። በያዝኩት ፎቶ ላይ መስጊዱ በስተቀኝ ነበር።

ገብቼ ላይት ቦክሱን አበራሁና ስላይዱን አስቀመጥኩት። ፊልም አንዱ ገጹ ያብረቀርቃል፣ አንዱ ይደበዝዛል፤ የትኛው ወደ የት እንደሚዞር ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የተማርኩት ነገር ነው። መስታወቱን ስቀይር፣ በችኮላ፣ ፊልሙን ገልብጬ ነበር ያስገባሁት። በማጉያው ሳየው ደግሞ ዋርካውን የተደገፈ የቀያሾች መለኪያ ዘንግ አለ፤ ላዩ ላይ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ተገልብጠዋል። ሳምንታት ሙሉ ፊቶቹን ብቻ ሳይ ቁጥሮቹን አላየሁም።

ሰዓዳ ጥግ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «ይቅር በይኝ። ያላጣራሁትን ይዤ መጣሁብሽ።»

«ልጆቼን ሳመሳስል ነው ያመሸሁት» አለች። «አሁን ምን እላቸዋለሁ? ሌላዋ እኮ ፊቷ እንኳን አይታይም።»

እትዬ ፋጡማ አጠገቧ ሄደው ቁጭ አሉ። «እኔን ስትስሚ ማደርሽ ነዋ። ከፍቶሻል?» አሏት። ሰዓዳ ሳታስበው ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ትልቅ ፊልም ጥቅሙ ይሄ ነው፤ በወረቀት ላይ ጥቁር የሚመስለው ጥላ ውስጥ ብዙ ነገር ይዞ ያስቀምጣል። ላፕቶፑን ከፈትኩ። ባትሪው ግማሽ ነበረው። የስካኑን ምስል ግራና ቀኙን አዞርኩት፤ ጥላ ሥር የቆመችውን ሴት አቀረብኳት፤ ከዚያ ጨለማውን ብቻ ቀስ በቀስ አሳሳሁት። መጀመሪያ የሻሿ ጠርዝ ወጣ። ቀጥሎ ጉንጯ። ከዚያ በሳቅ የጠበቡ ሁለት ዓይኖች፣ ከፊት ጥርሶቿም መሐል ክፍተት።

«ያ ረቢ! ዘይነባ!» አሉ እትዬ ፋጡማ፤ እጃቸው አፋቸው ላይ ቀረ።

ሰዓዳ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ምላሷን በራሷ የፊት ጥርሶች መሐል ባለው ክፍተት አስነካች፤ ማንም እንዲያያት ብላ አይደለም።

«ሳቂታ ነበረች?» ብላ ጠየቀች።

«አንዳንዴ እንዳትስቂብኝ ብዬ እለምናት ነበር» አሉ እትዬ ፋጡማ። «ነይ፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ጠይቀሽኝ አታውቂም እኮ።»

«አንቱን ማስለቀስ ፈርቼ ነው።»

ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ አወሩ።

መልስ

ሰኞ ማታ ቤቴ ገባሁ። ማክሰኞ ስላይዶቹን በሙሉ አወጣሁና አንድ በአንድ ገጻቸውን አየሁ። መስታወታቸውን ከቀየርኩላቸው መሐል የተገለበጡ ሌሎችም ነበሩ፤ የሮቢ ድልድይ አንዱ ነው። አስተካክዬ ድጋሚ ስካን አደረግኳቸው፤ ተራራውም ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔ ሥራዬን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ፎቶው ላይ ያለውን ቦታ በእግራቸው የረገጡትን ሰዎች ሳልጠይቅ አንድን ምስል «ጨርሻለሁ» እንዳልል የተማርኩት ግን በዚህ ጉዞ ነው።

በዚያው ሳምንት ሰዓዳ ደወለች። የእናቷን ፎቶ በትልቁ እንዳትምላት፣ በሚኒባስ እንድልክላት ጠየቀችኝ። እሺ አልኳት።

«የእትዬ ፋጡማንም ለብቻ አትሚልኝ» አለች። «ግድግዳው ላይ ከእናቴ ጎን ልሰቅላት ነው።»

«ለእሳቸው ልትሰጪያቸው መስሎኝ።»

«ለእሳቸውም ሌላ አትሚ። ይሄ ግን የእኔ ነው። አንድ ሌሊትም ቢሆን እናቴ ነበረች።»