ፍሬን ያልገጠምኩለት ግላይደር

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ግላይደር በገዛ እጁ ሠርቶ የሚያበርር ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ አለ የሚል ካለ ያምጣውና እንተያይ። ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። የእኔዎቹ ሰው አይጭኑም፤ መሬት ላይ ቆሜ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ አዛቸዋለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ዕድሜዬን የጽሕፈት መኪናና ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ስልክ ላይ የፈረንጆችን ቪዲዮ ድምፁን አጥፍቼ እያየሁ ተማርኩ። ወሬያቸው ምን ያደርግልኛል? የማየው እጃቸውን ነው። እነሱ ከውድ እንጨት የሚሠሩትን እኔ ቴሌቪዥን ከሚታሸግበት ነጭ ፎምና ከቀርከሃ ሠራሁት።

ትልቁ ግላይደሬ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ሦስት ሜትር ነበር። አንድ ዓመት ተኩል ፈጅቶብኛል። ከሱ በፊት የሠራኋቸው ሁሉ ተሰባብረው አልቀዋል። ሌላ እንዲህ ያለ እንዳልሠራ ደግሞ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ይሄ የመጨረሻዬ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነው። ግላይደሩን ዙሪያውን እያየ ዞረውና አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ፍሬን ግጠምለት።»

ክንፉ ላይ ብድግ የምትል ትንሽ ክዳን ማለቱ ነው። ስትከፈት አየሩን ትይዝና አውሮፕላኑን ታወርደዋለች።

«ይሄ የተሠራው ላይ ለመቆየት ነው» አልኩት። «መውረድማ ድንጋይም ይችላል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ፊዚክስ የተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«ዲግሪህ በርሮ ያውቃል?»

ስቆ ተወኝ።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁለታችን እንጦጦ ወጣን። ከባሕር ዛፉ በላይ ያለው ገላጣ ቦታ ላይ ነፋሱ ከታች ከከተማው ሽቅብ ይመጣል። እሱ ግላይደሩን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ሮጠና ወረወረው። ክንፉ አየሩን ሲይዝ የሚሰማኝን ስሜት ላላበረረ ሰው ማስረዳት አልችልም።

ለእግር ጉዞ የወጣች አንዲት ወጣት ከጓደኞቿ ጋር አጠገባችን ቆመች።

«አባባ፣ ድሮን ነው እንዴ?»

«ድሮን የሚሄደው በሞተር ነው፣ ልጄ። ይሄ የሚሄደው በእኔ ጭንቅላት ነው።»

«ዋው! ቪዲዮ ልቅረጽዎት?»

«ቅረጪ እንጂ!» አልኩና ኮቴን አስተካከልኩ።

ጥንብ አንሳ ክንፉን ሳያርገበግብ ሲዞር ካያችሁ፣ እዚያ ቦታ ሞቃት አየር ከመሬት እየተነሳ ነው። ሦስት ጥንብ አንሶች ሲዞሩ አየሁና ግላይደሩን መካከላቸው አስገባሁት። ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ።

«ይበቃል፣ አውርደው» አለኝ ጎረቤቴ።

አፍንጫውን ወደ ታች ደፋሁት። ፍጥነቱ ሲጨምር ክንፉ መርገፍገፍ ጀመረ፤ ከዚያ ርቀት እንኳ ይታይ ነበር። ትንሽ ብቆይ ቀርከሃው ይሰበራል። ቀና አደረግሁት፤ ተመልሶ ወጣ። ወደ ግራ አወጣሁት፤ እዚያም አየሩ ወደ ላይ ነው። በቀኝም ያው። ፀሐዩ የጋራውን ፊት በሙሉ አሙቆታል። ነፋሱ ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ጋራው ጀርባ ይገፋዋል። ጣቶቼ የማያውቁት ነገር አልነበረም፤ ግን የሚያደርጉት ጠፋቸው።

«ይታይሃል?»

«እንዴት አይታየኝ! ያውና።»

ወደ ግራ አዘዝኩት፤ ዞረ። ወደ ቀኝ አዘዝኩት፤ ትንሽ ዘግይቶ ወደ ቀኝ ዞረ። እንዲያውም ዝቅ ያለ መሰለኝ። ልቤ ተመለሰ።

«አየህ? እጄ ላይ ነው» አልኩት።

«አባባ፣» አለች ልጅቷ ከስልኳ ቀና ብላ፣ «ክንፉን አርገበገበ እኮ!»

እውነቷን ነው። ከመቼ ጀምሮ ጥንብ አንሳ ሳበርር እንደነበር አላውቅም። ጓደኞቿ ሳቁ። ጎረቤቴ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ሰማዩን ጥግ እስከ ጥግ ፈለገልኝ። ምንም የለም።

«አሁን ምን እናድርግ?» አለኝ።

መቆጣጠሪያውን እንደያዝኩ፣ አውራ ጣቴ ማዘዣዋ ዘንግ ላይ እንዳለ፣ ባዶውን ሰማይ ወደ ግራ ሳዝዝ ቆየሁ። ምናልባት እየዞረ ይወርዳል ብዬ ነው። የት እንደሚወርድ ግን ማየት አልቻልኩም። ልጆቹ ደህና ይዋሉ ብለውን ሄዱ። የመቆጣጠሪያው ባትሪ አልቆ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ አልለቀቅሁም፤ ከጠፋም በኋላ ጎረቤቴ ነው ቀስ ብሎ ከእጄ የወሰደው።

የሆነው ሆኖ የቻልኩትን ልጻፍ። ከፎምና ከቀርከሃ የተሠራ፣ ሞተር የሌለው ነገር፣ በዓይኔ ያየሁትን ጊዜ ብቻ ብንቆጥር እንኳ ከግማሽ ሰዓት በላይ አየር ላይ አቆይቻለሁ። ከጥንብ አንሳ በላይ አውጥቼዋለሁ፤ ቪዲዮው ምስክሬ ነው። ለጎረቤቴ፣ ሚስቱ ባለችበት፣ ስለ ፍሬኑ ልክ ነበርክ ብዬዋለሁ፤ ይሄ ቀላል አይደለም። ሦስት ቅዳሜ ከጋራው ጀርባ ወርጄ በየደጁ ጠይቄያለሁ። አንዲት ገበሬ ነጭ ነገር በጣም ከፍ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ በቤቷ ላይ ሲያልፍ አይታለች። የሄደበትን በእጇ አሳየችኝ። በዚያው አቅጣጫ ከታች እስካለው ወንዝ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ።